የሸጊቱ ኩላሊትና የሰባት ቤት ቆጠራ

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ብርዱ ደባርቅን በሚቆነጥጥበት ማለዳ፣ አንድ ወሬ ከመናኸሪያ ተነሥቶ ሕዝቡ ቁርስ ሳይቀምስ ዳባት ገባ። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ሸጊቱ ለባሏ ለአሻግሬ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታዋለች፤ ሥጋቸው ተቀላቅሎ እህትና ወንድም ሆነዋል፤ ትዳራቸውም በዚያው ፈርሷል ተባለ።

ወሬውን የሚያጠራጥረው ምንጩ ነበር። ያወጣው የሚኒባስ ደላላው ሰብስቤ ነው፤ ባለፈው ክረምት ለጭላዳ ዝንጀሮ መታወቂያ ሊሰጥ ነው ብሎ ግማሹን ከተማ ቀበሌ ደጃፍ ያሰለፈው ሰብስቤ። ቢሆንም መናኸሪያው ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን እያማሰለ ሲያብራራ ሰው ወንበሩን አስጠጋ።

«እህቱ ከሆነች ልጆቹ የእህቱ ልጆች ናቸው። አሻግሬ ለገዛ ልጆቹ አጎት ሆነ ማለት ነው!»

«አባታቸውስ ማን ሊሆን ነው?»

«እሱን ገና እያጣራን ነው።»

ሸጊቱ በገበያ ቀን «ሽንኩርት!» ብላ ስትጣራ ጊች ተራራ ላይ ያለች በቅሎ ጆሮዋን ታቆማለች። አሻግሬ ደግሞ የኢሱዙ ሹፌር ነው። ሊማሊሞን ሲወርድ ኩርባው ላይ የራሱን መኪና የኋላ ታርጋ እያነበበ ይታጠፋል ይባልለት ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ መሪው ላይ ተደፋ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር። ጎንደር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለእጥበት ተመላለሰ። መጨረሻ ላይ ኩላሊት የሚሰጠው ሰው እንዲፈልግ ተነገረው። ወንድሙ ስኳር አለበት፤ የእህቱ ደም አልገጠመም። ሸጊቱ የቀሚሷን እጀታ ሰብስባ ክንዷን ለመርፌ ዘረጋች፤ የእሷ ገጠመ።

አሻግሬ የኩላሊት ሐኪሙን ዶክተር ኤልሳቤጥን ለመናት። «ዶክተር፣ ባሕር ማዶ ከሞተ ሰው ይወስዳሉ አሉ። ለኔም የሟች ይሁንልኝ፤ እሷን አትቅደዱብኝ።»

«እኛ ዘንድ ከሞተ ሰው መውሰድ አልተጀመረም» አለች ዶክተሯ። «ቢጀመርም፣ ምርጫ ካለዎት የሕያው ይሻላል። የሟች ኩላሊት ደሙ ተቋርጦ፣ በበረዶ ተይዞ ለሰዓታት ይቆያል። በየሴላችን ውስጥ ጂን የሚባሉ ትእዛዞች አሉ፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ኩላሊቱ እንዲያ ሲጨነቅ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጡት ጂኖች ይነቁና፣ አዲስ ሰውነት ውስጥ ገብቶም ቁጣቸው ቶሎ አይበርድም። ሥራ ለመጀመርም ሊዘገይ ይችላል። የሕያው ግን ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላው ክፍል ይገባል፤ ቁጣው ያንሳል፣ ብዙውን ጊዜም ረዘም ላለ ዓመት ያገለግላል።»

«ገባኝ» አለ ሹፌሩ። «አንዱ ከጎረቤት በእግሩ የመጣ እንግዳ ነው። ሌላው ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ ሊማሊሞን በውርጭ የወጣ ነው። እሱ ገና ከበሩ ነው መሳደብ የሚጀምረው።»

ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሸጊቱ ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት።

«እኔ ዘመዱ አይደለሁም። የባዳ ይሆናል?»

«የሚስት ኩላሊትም በደንብ ይሠራል። ግን የእርስዎ እንደ ሆነ ይቀራል። ጂኖቹ ሥራቸው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የእሳቸው አይሆኑም። ሰውነታቸው ባዳ መሆኑን ስለማይረሳ፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ መድኃኒት አያቋርጡም።»

«ባዳነቴንማ እናቱም አልረሱልኝም» አለች ሸጊቱ። «በሉ ጀምሩ።»

ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባታቸው በፊት ባልና ሚስቱ ተሳሉ፤ አሻግሬ ከዳነ ይቆርባሉ፣ ከዚያ በኋላ ፍቺ የሚባል ነገር የለም። ኩላሊቱም እንደ ባለቤቷ ሆነ፤ ሥራ ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፣ ያንኑ ቀን ሽንት አወረደ።

ደባርቅ ሲመለሱ ዶክተሯ ባዘዘችው መሠረት አሻግሬ ለጥቂት ወራት ለብቻው ተኛ፣ ሸጊቱም አፏን በማስክ ሸፈነች፤ ተላላፊ በሽታ እንዳይነካው ነው። ጎረቤት የተለየውን አልጋ አየ፣ ለሰብስቤ ነገረ፣ የቀረውን ሰብስቤ ጨመረበት።

ወራቱ አለፉ። ማስኩ ወለቀ። የአሻግሬ ፍራሽ ግን ከሳሎኑ መደብ ንቅንቅ አላለም።

«ዶክተሯ ፈቅዳለች እኮ» አለችው ሸጊቱ።

«እሷማ ፈቅዳለች። አባ ይፍቀዱ እንጂ።»

«ምኑን?»

አሻግሬ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። «ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነበር የተጋባነው። አሁን ስቆጥር፣ ገና አንደኛው ቤት ላይ አንቺን አገኘሁሽ። እንዲህ ሆነን እንዴት እንቆርባለን? እሑድ ለአባ ነግሬ ይቅርብን እላለሁ።»

የቀዶ ጥገናውን ስለት ያልፈራች ሴት ያኔ ፈራች። ከተማው ያሻውን ቢያወራ ግድ አልነበራትም፤ ወሬው ቤቷ ገብቶ ከባሏ ጋር መደብ ላይ መተኛቱ ነው ያስደነገጣት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ኪዳነ ማርያምን ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ጥላ ሥር አገኟቸው። ሕዝቡም መስቀል የሚሳለም መስሎ አልበተን አለ፤ ሰብስቤ ከሁሉም ፊት ቆሟል።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለ አሻግሬ። «ከሚስቴ ጋር በሥጋ ተዛመድን። ቁርባኑ…»

ቄሱ በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ ሸጊቱ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

በዚያው ቅጽበት የአሻግሬ ስልክ ጮኸ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። ሸጊቱ ከነጠላዋ ጫፍ ኪኒኑን ፈታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ድምፅዋ የገበያ ቀን ድምፅዋ ሆነ።

«ውሸት ነው፣ አባ! ከላይ እስከ ታች ውሸት ነው። ኩላሊቱ የኔ ነበር፤ እሱ ሆድ ውስጥ ሆኖም የኔው ነው። ዘሬ ከዘሩ አልተቀላቀለም። ገላው እስከ ዛሬ ‹ባዳ ናት› ብሎ ሊያባርረኝ ይታገላል፤ ይቺን ኪኒን የሚውጣት እንዳያባርረኝ ነው። አልጋ የለየነው በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም አልቋል። ትዳራችን አልፈረሰም። ልጆቹም አባት አላቸው፤ ይኸው ቆሟል!»

አሻግሬ ኪኒኑን አየ። የታዘዘለትን ሲውጥ ስንት ጊዜ ሆነው፤ ለምን እንደሚውጠው ግን ያን ቀን ገና የሰማ መሰለ። ዋጣትና ቀና አለ።

«አባ፣ የቁርባኑን ቀን ይቁረጡልን።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን እያሳለሙት ፈገግ አሉ። ሰብስቤ ግን እንዲህ ያለ ወሬ በእጁ ሲሞት ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም።

«እንግዲህ ሙሉ እህት ባትሆኚ እንኳ… የእንጀራ እህት ቢጤ…»

«እህቱ አይደለሁም፤ የእንጀራም፣ የኩላሊትም» አለች ሸጊቱ። «ሚስቱ ነኝ።»