የራሴን ሞተር ከማዶ የሰማሁ ቀን

አንድ ቤት ስትገቡ ሰዎቹ የሆነ ነገር ከእናንተ ደብቀው ገና እንደጨረሱ መስሏችሁ ያውቃል? ወሬው መሐል ላይ ተቆርጦ፣ የሁሉም ዐይን መሬት መሬት እያየ፣ “ደህና ናችሁ?” የሚለው ሰላምታ ብቻ ከሚገባው በላይ ሲደጋገም?

እኔ ይህን ስሜት ባለፈው ሳምንት አስታወስኩት። ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ከጋራዡ በኩል አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ተነሣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ዛሬ እምብዛም አይሰማም። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ከወንበራቸው ግማሽ ብድግ አሉ። ያዩት ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ጓሮው በር ነበር። ከዚያ እፍር ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ሮቤ የሃያ ሦስት ዓመት ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። በዲንሾ መንገድ ያሉትን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች እንድቆጣጠር ተመደብኩና አንዲት ሞተር ሳይክል ተሰጠችኝ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረች ናት አሉኝ። ከየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ደስታዬ መጠየቅን አስረሳኝ።

የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ትንሽ ላስረዳ። የእኔዋ ባለ ሁለት ምት ነበረች፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው የሚያጠጧት። በዝግታ ሲነዷት ትለግማለች። ዳገት መሐል ትንፋሽ አጥሯት ልትጠፋ ስትል፣ ማርሽ ቀንሰው ነዳጅ ሲሰጧት ደግሞ በድንገት እንደ ደነበረ በቅሎ ትወረወራለች። ድምፅዋ ቀጭንና ጯሂ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ትንኳኳለች። የከብት ክትባት ሠራተኛው ጋሽ ታደሰ የሚነዱት ግን ባለ አራት ምት ነበር። ያ ዱብ ዱብ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ከታች ጀምሮ ይጎትታል። በኅዳር ውርጭ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ሲደርቁ፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ቆሎ ሲቆረጥሙ አይቻለሁ። እኔም ይህን ሁሉ በደብተሬ ሠንጠረዥ አስምሬ እመዘግብ ነበር፤ ዳገቱን፣ ማርሹን፣ ነዳጁን፣ የኮርቻውን ምቾት ሳይቀር።

ከጣቢያዎቹ ሁሉ ያስጠረጠረኝ የከድር ነበር። ከድር የአገሩ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ እኩል። ጣቢያው ከዲንሾ ወዲያ ከገብሱ ማሳ አልፎ፣ የአስታ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ዳር የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። መዝገቡ ላይ አርባ አንድ ተማሪ አለ። ስገባ ያገኘሁት ሴቶችና ሁለት አዛውንት ብቻ።

“ወንዶቹስ?”

“ገበያ ሄደዋል፣ ጓድ መምህር።”

ገበያው ትናንት ነበር። በሁለተኛው ጉብኝቴም ያው ሆነ።

“ለቅሶ ላይ ናቸው” አለኝ።

“ማን ሞቶ?”

“ከማዶ ሰፈር… አንድ ሽማግሌ።”

ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ሳገላብጥ እንጨቱ ሞቅ ያለ መሰለኝ፤ ነገሬ ብዬ ግን አላሰብኩበትም። ልቤ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሌለ ተማሪ ይመዘግባል። ያንኑ ሪፖርት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከድር ከማስተማሩ ከተነሣ ወደ ግንባር ከሚላኩት ጋር እንደሚታፈስ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ ሳልጎበኝ ሪፖርት አላስገባም ማለቴም ከዚያው ሥርዓት ወዳድነቴ ነው።

ለሦስተኛው ጉብኝት ስነሣ ጋሽ ታደሰን ለመንኳቸው። “ለአንድ ቀን እንለዋወጥ፣ ጋሼ። የእርስዎን ሳልነዳ ሠንጠረዤ አይሞላም።”

“አንተ ልጅ፣ ሞተር ልትነዳ ነው ልታገባ?” ብለው ሳቁ። “ውሰድ፤ ከሰዓት በኋላ ከድር ጋ መጥቼ እንለዋወጣለን። ያንተዋን ግን ላሞቹ እንኳ አይወዷትም።”

መንገዱ ያው መንገድ ሲሆን ሰዉ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ከገብሱ ውስጥ እጅ ይነሣልኛል። የከድር ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር በወንድ ተሞልቷል። ሁሉም ደርቀው ቀሩ። ከድር ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረበት።

“የከብት ሐኪሙ መስሎን እኮ ነው” አሉ ከአዛውንቶቹ አንዱ፣ ቅር እንዳላቸው።

ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስምንት። ያኔም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም፤ ለዛሬ ብቻ ሰብስቧቸው ቢሆንስ? አንዱን ተነሥቶ እንዲያነብ አዘዝኩት። ሳይደናቀፍ አነበበ። ሁለተኛውን ላስነሣ ስል ከማዶ አንድ ቀጭን ጩኸት መጣ፤ ቁልቁለቱን ሲይዝ እንደ ባዶ ቆርቆሮ መንኳኳት ጀመረ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ሰው የራሱን ሞተር ከላዩ ሆኖ እንጂ ከማዶ ሰምቶት አያውቅም። ጋሽ ታደሰ የእኔዋን እየነዱ መምጣታቸው ነበር።

“ዱፌ!” አለ አንዱ፤ መጣ ማለቱ ነው።

ወንዶቹ በጓሮው በር ወጡ። አልተጋፉም፣ አልተንጫጩም፤ የለመዱት ነው። የአስታው ቁጥቋጦ ዋጣቸው። አግዳሚውን በእጄ ዳሰስኩት። ሞቆ ነበር።

“ጓድ መምህር፣ ያቺን ሞተር ከእርስዎ በፊት ማን ይነዳት እንደነበር ያውቃሉ?” አለ ከድር ቀስ ብሎ።

“አላውቅም።”

“የምልመላው ሰው ነው። አምና ከዚህ ሰፈር አሥራ አንድ ልጅ ለውትድርና ወሰደ። አንዱ ወንድሜ ነው።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“በእሷ ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው?”

ሪፖርቱን አውጥቼ ፊቱ ቀደድኩት። ቁርጥራጩን እዚያ መጣል ፈርቼ ኪሴ ከተትኩት። ከድር ዐይኑን ከኪሴ አላነሣም፤ አላመነኝም።

“በሚቀጥለው በየትኛዋ ይመጣሉ?”

“በእግሬ” አልኩት።

እንዳልኩትም አደረግሁ። ሞተሩን ድልድዩ ጋ አጥፍቼ ግማሽ ሰዓት እሄድ ነበር። ተማሪዎቹ ከአግዳሚው ላይ ሳይነሡ የጠበቁኝ ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከድርም እስከተዛወርኩ ድረስ ከጠመኔው አልተለየም።

ሠንጠረዡን ዛሬም አልጣልኩትም። ለፍጥነት፣ ለዳገት፣ ለነዳጅ ዓምድ አለው። ከማዶ ስትሰማ ምን እንደምትመስል የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት የነበሩትን ሽማግሌ “ዲንሾን ያውቋታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። “መንገዱን” አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እኔን ይወቁኝ አይወቁኝ እንጃ።

እናንተ ግን ሞተር ወይም መኪና ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡና ዘወትር ከምትሄዱበት ሰው ደጅ ቀድማችሁ ቁሙ። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ መንገዱን አትዩ፤ አጠገባችሁ የቆሙትን ሰዎች ፊት እዩ።