በምሽት የተዛወረው ቀፎ

ጥቅምት 11 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲመሽ፣ የሐሮ ወንጪው ገበሬ ኦቦ ጂራ የንብ እጭ የሞላበትን የሰም እንጀራ ከእንጨት ፍሬሙ ጋር በሲባጎ ማሰር ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው።

በዚያ አገር ማር የሚቆረጠው ሲጨልም ነው፤ በቀን ቀፎ የሚነካ የለም። ጂራም ከዛፍ ያወረደውን ባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊው ሲያዛውር እንደ ማር ቆረጣው አመሸበት። እጭ ማር አለመሆኑን ሚስቱ ድንቅቱ እስክትናገር ድረስ አላሰበውም።

«አባ ጃለኔ፣ አንተ ጋቢ ደርበህ ትንቀጠቀጣለህ፤ እነዚህ ራቁታቸውን ናቸው!»

«ልጅ ስላሳደግሽ የንብም ሞግዚት ልትሆኚ ነው?»

«ካንተ እሻላለሁ። ጃለኔን በውርጭ ደጅ ላይ ልታጥባት የተነሳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሳቀ። እንጀራውን ሲዳስሰው ግን ሳቁ ጠፋ፤ ቀዝቅዟል። ከቀፎዎቹ ንብ ያለበት ይኸው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ንቦቹ በክረምቱ ጥለዋቸው ሄደዋል። እጭ የሌላት ንብ ደግሞ የሚይዛት ነገር የለም፤ ጥላ ትሄዳለች። እንጀራዎቹን እንዳሉ ከትቶ ቀፎውን በጆንያ ሸፈነ።

ጠዋት ከቀፎው በር ሥር ነጫጭ እጮች ወድቀው አገኘ። ንቦቹ የሞተውን በጠረኑ እየለዩ ወደ ውጭ ይጎትቱ ነበር። ጂራ እስኪመሽ አልጠበቀም፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ጭስ ይዞ ወጣ።

«በቀን? አብደሃል እንዴ ሰውዬ!» አለው ጎረቤቱ ነጋሳ ከአጥር ማዶ።

ጂራ ፊቱን እየተነደፈ ቀፎውን ከፈተው። በመካከለኛው እንጀራ ላይ መዳፍ በሚያህል ቦታ ያለው እጭ ተርፏል። የተራበ እጭ ድምፅ ባይኖረውም ጠረኑ ይጣራል፤ ሞግዚት ንቦች ጭንቅላታቸውን ወደየጉድጓዱ እየከተቱ ያበሉ ነበር፤ ሌሎቹ ከላይ ተደራርበው ያሞቃሉ። ጂራ ቀስ ብሎ ከደነው፤ ስኳር በጥብጦ፣ ሽሮም ጨምሮ ለንቦቹ ቀለብ አጠገቡ አስቀመጠ። ንቦቹ አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ እጭ የሚነካው በቀትር ብቻ ሆነ።

በ2006 ጥቅምት፣ ጂራ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ነጋሳ አዲስ የያዘው የንብ መንጋ አልረጋ አለው። ድንቅቱ «አሞሃል፣ እጩን እሱ መጥቶ ይውሰድ» ብትልም ጂራ አልሰማትም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ፍሬም እጭ በፎጣዋ ጠቅልሎ፣ በደረቱ አቅፎ ወደ ነጋሳ ግቢ ተሻገረ። ፍሬሙን ከቀፎው ከቶ ንቦቹ እጩ ላይ ሲሰበሰቡ ጥቂት ቆሞ አየ። ክዳኑን ገጥሞ ተመለሰና ፎጣውን አራግፎ ለድንቅቱ ሰጣት።