የመሐሉ ወንበር

መናኸሪያ፣ የሻሸመኔ ሚኒባሶች ከሚሰለፉበት ጀርባ የአብዱልፈታህ ጌም ቤት አለ። ከፊት ፕሌይስቴሽኖች ተደርድረው ጎረምሳው እየተሰዳደበ ኳስ ይጫወታል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ለብቻው ተቀምጧል። በ2006 ዓ.ም. በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የጦር ሄሊኮፕተር ትኖር ነበር። የስክሪን ሄሊኮፕተር ናት፤ ግን ሮኬቷም፣ ቁልፎቿም፣ የነዳጅ መርፌዋም ሳይቀር እንደ እውነተኛዋ የሩሲያ ብረት የተሠራች የበረራ መለማመጃ።

እሷን ያመጣት አልአዛር ነው። አልአዛር ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የመብራትና የጄኔሬተር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ኳሱን አልፎ፣ መጋረጃውን ገልጦ፣ ከጆይስቲኩ ጋር ይቀመጣል። አብዱልፈታህ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት አግባና ተገላገል» እያለ ይቀልድበታል። አልአዛር ይስቃል። መልሱ በኪስ ቦርሳው ውስጥ በፎቶ የተቀመጠ ነበር፤ የበረራ ልብስ የለበሰ፣ ፀሐይ ዓይኑን ያጨማደደችው ወጣት።

አባቱ ፍቅሬ የሄሊኮፕተር የበረራ ቴክኒሺያን ነበር። በ1982 ዓ.ም. ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር አልአዛር ገና ጡት አልጣለም። እናቱ ወይዘሮ ብዙአየሁ «ደግ ነበር» ትለዋለች። አጎቶቹም «ደግ ነበር» ይሉታል። ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ደግ ይሆናል። አልአዛር ግን ሌላ ነገር ነበር የናፈቀው፤ ሲያስነጥስ ምን ይላል፣ ሲናደድ ማንን ይሰድባል፣ እዚያ ላይ፣ ደመና ጉያ ውስጥ፣ ምን ይሠራ ነበር?

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ሻምበል ጉልላት። አባቱን ይዘው የሚበሩት አብራሪ እሳቸው ነበሩ። ያቺ የመጨረሻዋ ቀን ስትደርስ ወባ ጥሏቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ፍቅሬ ከሌላ አብራሪ ጋር ወጣ። ሻምበል ጦሩ ከተበተነ በኋላ ቱላ ገብተው አቮካዶ ተከሉ፤ ስለ በረራም አፋቸውን ዘጉ። አልአዛር ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እየሄደ ይጠይቃቸዋል። ስለ አቮካዶ ይነግሩታል። ስለ ዝናብ ይነግሩታል። ስለ ፍቅሬ ሲጠይቃቸው «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ብለው ውሃ ሊያጠጡ ይነሳሉ።

አንድ ጊዜ ለምኖ ጌም ቤቱ ድረስ አምጥቷቸው ነበር። ቆመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ስክሪኑን ጥቂት አዩና፦

«ይቺ አትንቀጠቀጥም። ምንጣፍ ናት እንጂ ሄሊኮፕተር አይደለችም» ብለው ወጡ።

አልአዛር በዚያች ቃል አልተከፋም። እንዲያውም ከሻምበል አፍ ስለ በረራ የሰማት የመጀመሪያዋ ቃል ስለሆነች ይዟት አደረ። ከዚያ በኋላ የመለማመጃው ሠሪዎች ማሻሻያ ባወጡ ቁጥር የታረመውን እየፈለገ ማንበብ ሥራው ሆነ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን የሆቴሉን አምፖል ሲቀይር ውሎ፣ በዕረፍቱ ስልኩን ከፍቶ ሲያነብ የጠበቀውን አገኘ። ፍጥነት ሲቀንስ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ተስተካክሏል። ወደ መሬት ሲወረድ የሚነሳው አቧራ እይታ እንዲጋርድ ተደርጓል። መሬት ሲጠጉ ሄሊኮፕተሯን ከታች የሚገፋው አየር እንደ ክብደቷ እንዲለያይ ሆኗል። የሞተሩ ድምፅ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይለያያል። እስከ ዛሬ ለዓይን ብቻ የነበረው፣ በሁለቱ አብራሪዎች መሐል ያለው የቴክኒሺያኑ ወንበርም ከአሁን በኋላ ይቀመጡበታል።

የመሐሉ ወንበር! አባቱ የተቀመጠበት።

አፕዴቱን በሆቴሉ ኢንተርኔት ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ አውርዶ በፍላሽ አመጣው። አብዱልፈታህ ደግሞ፣ አፉ ቢቀልድም ሆዱ ደግ ነውና፣ ለሠርግ የሚያከራየውን ትልቁን እስፒከር አምጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር አጋደመው።

«ሞተሩ ሲነሳ ወገብህ ይነግርሃል» አለ። «ሙሽራ የሚያስጨፍር ቤዝ ሻምበልን ካላንቀጠቀጠ ብራችሁን ልመልስ አልልም፣ ጢሜን ላጩኝ።»

አልአዛር በባጃጅ ቱላ ወረደ። ሻምበል የውሃ ጎማ ይዘው ችግኝ ያጠጡ ነበር።

«ሻምበል፣ አሁን ትንቀጠቀጣለች።»

«ማን?»

«ሄሊኮፕተሯ። ሠሪዎቹ ስህተቷን አርመው ላኩ።»

«ወይ ጉድ! የኛንም እንዲህ በየጊዜው የሚያርምልን ቢኖር ኖሮ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ።

«የመሐሉም ወንበር ተከፍቷል። ሰው ይቀመጥበታል።»

ውሃው አንድ ችግኝ ሥር ብቻ እየፈሰሰ ኩሬ ሠራ። ሻምበል ቧንቧውን ዘጉ።

«ኮፍያዬን ላምጣ» አሉ።

ጌም ቤቱ ሲደርሱ ሻምበል ከአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሳ እስፒከሩ ከሥር አጓራ፤ የሻይ ብርጭቆዎች በጠረጴዛው ላይ ተንጫጩ። ሻምበል እጃቸውን ከጆይስቲኩ ላይ አነሡና መልሰው አሳረፉ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ከዚያ ብረቷ ተነሳች። ሜዳው ወረደ፣ ተራራው ወረደ፣ ሰማዩ ሰፋ። ፍጥነቷን ሲቀንሱ ያ መንቀጥቀጥ መጣ፤ አግዳሚውም፣ መሬቱም፣ የአልአዛር ጉልበትም አብሮ ራደ።

«አዎ» አሉ ሻምበል በሹክሹክታ። «አዎ፣ አንቺ ነሽ።»

ለማሳረፍ ዞሩ። አቧራው ተነሳ፤ ስክሪኑ ቡናማ ሆነ። ሻምበል ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች... ከዚያ ቆሙ። አየር ላይ ተንጠልጥለው የሆነ ነገር የሚጠብቁ መሰሉ። ብረቷ ጎኗን ጣለችና ወረደች። ስክሪኑ ቀላ።

«ሻምበል፣ ቀይ ካርድ!» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ከመጋረጃው አንገቱን አስገብቶ ጮኸ። ወዲያ ያሉት አሽካኩ።

ሻምበል ጆይስቲኩን ለቀቁ። ኮፍያቸውን ፈለጉ። አልአዛር ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ታወቀው፤ አሁን ከወጡ ዳግመኛ አይመጡም። ያቺ ተስፋ እንደ ሐይቁ ወፍ ብድግ ብላ ልትሄድበት ነው።

«አፕዴቱ ይሆናል፣ ሻምበል» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። «መሬት ሲጠጉ የሚያነሳትን አየር ለውጠውታል። ምናልባት አበላሽተውት...»

«አላበላሹትም። አሁን ነው ልክ የሆነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስጠብቅ ነው የወደቅሁት።»

«ምን ሲጠብቁ?»

ሻምበል ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«እጅ» አሉ።

አብዱልፈታህ መጋረጃውን ሳበና ዘጋው።

«አቧራው ሲነሳ አብራሪ ምንም አያይም። ከፍታውን የሚያነበው መሐል የተቀመጠው ነው። የመነጋገሪያው ሽቦ ደግሞ ይንኮሻኮሻል፣ አንዱን ቃል ይበላል፣ አንዱን ይተፋል። እኔና አባትህ የራሳችንን ምልክት አወጣን። ዝቅ ባልን ቁጥር ትከሻዬን መታ ያደርጋል። ጎማው ሊነካ ሲል ጫን አድርጎ ይይዘኛል። የኛ ብቻ ነበር፤ አለቆች ቢያዩን ይቀጡን ነበር። ያን ስጠብቅ ነው... ሃያ አራት ዓመት አልፎት ትከሻዬ አሁንም ይጠብቃል።»

አልአዛር ከኋላቸው ተጠጋ። «እኔ ልምታዎት?» አለ።

ሻምበል ወደ ኋላ ዞረው አዩት፤ ፊቱን ሳይሆን እጁን። የመብራት ሽቦ የሻከረውን፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የያዘውን እጅ።

«የከፍታ መርፌዋን እያት። ያቺን አጭሯን። በእያንዳንዷ ምልክት አንድ ጊዜ። አትቸኩል፤ አትርሳ።»

ደግመው ተነሱ። አሁን አልአዛር ከኋላቸው ቆሟል፤ አብዱልፈታህ ስክሪኑን ከፋፍሎ የመሐሉን ወንበር እይታ በጎን አወጣለት። አቧራው መጣ። መርፌዋ ወረደች፤ መታ አደረገ። ወረደች፤ መታ አደረገ። ትከሻቸው ከሸሚዙ ሥር አጥንት ብቻ ነበር። ሻምበልም ሳይታወቃቸው ይመስላል፣ በቀጭን ድምፅ ማዜም ጀመሩ፦

«አንቺ ብረት ዝቅ በይ ቀስ ብለሽ በዝግታ፣
ሰማይ የምታይ አለች ከደጅ ጠዋት ማታ።»

አልአዛር መርፌዋ በእንባ ድርብ ሆና ስትታየው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ጫን አድርጎ ያዛቸው። ጎማው ነካ። ብረቷ እንደ ደከመች ላም ተንፍሳ ተቀመጠች።

መጋረጃው ሥር የተሰበሰቡት ጎረምሶች አጨበጨቡ። «ሪፈሪው ካርዱን ሰረዘ!» አለ ያው የቅድሙ ጎረምሳ፤ በዚህኛው ሳቅ ሻምበልም ሳቁ።

«ዜማው የማን ነው?» አለ አልአዛር።

«የሱ። ስንወርድ ነበር የሚያዜመው። ማን ናት ከደጅ ያለችው ስለው ‹ሀገር ሙሉ ሴት አለ፣ አንተ ንዳ› ይለኛል። እናትህ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት። ቀልደኛ! ደግሞ ድምፁ አስቀያሚ ነበር፤ እኔ እሻላለሁ።»

አልአዛር ሳቀ። አባቱ ድምፁ አስቀያሚ ነበር። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። እየሳቀ እጁን ከትከሻቸው ሊያነሳ ሲል ሻምበል በእጃቸው ያዙት።

«ቆይ። እሱ ሞተሩ ጠፍቶ የሚሽከረከረው ክንፍ ቀጥ እስኪል አያነሳውም ነበር።»

ያ አዲሱ ማሻሻያ ክንፎቹ ቀስ ብለው እንዲቆሙ አድርጓል። ዞሩ፣ ዘገዩ፣ አንድ በአንድ ታዩ። ከአግዳሚው ሥር ያለው ድምፅ እየሳሳ ሄደ።

«ለምንድን ነው የማያነሳው?» አለ አልአዛር።

ሻምበል ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፦

«ይፈራ ነበራ» አሉ። «በወጣን ቁጥር ይፈራ ነበር፣ ከላቡ ጓንቱ ይረጥብ ነበር፣ ግን ቀርቶ አያውቅም። ከወረድን በኋላም እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ትከሻዬ ላይ ይደብቀዋል። እኔም አንሳ ብዬው አላውቅም። እኔም እኮ እንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚንቀጠቀጠው ማን መሆኑ እንዳይታወቅ ነው።»