በሁዳዴ የተሰጠው የደም ውጤት

ደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ የእህል መጋዘን ሁለት ዓመት መድኃኒት ረጭቻለሁ። ነቀዝ የሚገድለውን ፈሳሽ «መድኃኒት» ነበር የምንለው፤ መርዝ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። መርጫ አዝለን በበቆሎ ጆንያዎች መካከል የምንገባው እኔና አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ነበርን። ጋሼ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ግጥም እንደምሞክር ስለሚያውቁ «ባለቅኔው» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ማስክ ሁለታችንም አናደርግም፤ ያፍናል። የምንተማመነው በወተት ነው። አሠሪያችን ከርጭት በኋላ ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሊትር ያስቀምጡልናል። ወተት የገባውን ሁሉ አጥቦ ያወጣል ይባላል፤ እኔም አምኛለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ መጠጣቱን አቆምን። ጋሼ ድርሻቸውን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዱ፣ ገና ሰባት ዓመት ላልሞላት ልጃቸው ይወስዱ ጀመር። በዚያው በረጩበት እጃቸው ክዳኑን ሲያጠብቁ አይ ነበር።

በጾሙ አጋማሽ በየሦስት ወሩ የሚደረገው የደም ምርመራ ደረሰ። የእኔ ደህና ነው ተባለ። የላብራቶሪዋ ባለሙያ የጋሼን ወረቀት ደጋግማ አየችው።

«አባባ፣ ከርጭት መውጣት አለብዎት። ነርቭዎን የሚጠብቀው ነገር ደምዎ ውስጥ በጣም ወርዷል። እንደገና ተመርምረው እስኪስተካከል አጠገቡ እንዳይደርሱ።»

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ ልጄ። ወተት ስላልጠጣሁ ነው።»

«ወተት ለዚህ ምንም አይሠራም።»

«አንቺ አትጾሚም እንዴ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን ለአሠሪያችን እንድናደርስ ለእኛው ሰጠችን።

ደጅ ስንወጣ ጋሼ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከርጭት የወጣ ሰው ሌላ ሥራ እንደማይሰጠው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከእኔ በፊት የነበረው እንደዚያ ነው የተሰናበተው።

«ባለቅኔው፣ ምላስህ ረጅም ነው። ዛሬን እንኳ ሰብሰብ አድርጋት።»

«ቢብስብዎትስ?»

«ፋሲካ ይድረስ እንጂ አንድ ላም አልቤ እጨርሳለሁ!»

ለአሠሪያችን ሁለታችንም ደህና ነን አልናቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ለፋሲካ የቀረውን ቀን ይቆጥራሉ። እኔም አብሬ ቆጠርሁ።

ፋሲካ ደረሰ፤ ጠጡ። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ብዙ በቆሎ ገባና ስንረጭ ዋልን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ቆም ብለው፣ «ጨለመ እንዴ?» አሉኝ። በሩ ወለል ብሏል፤ ፀሐዩ ጆንያው ላይ ነው። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ለሃጫቸው ይዝረበረባል፤ የክንዳቸው ሥጋ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኋቸው።

ሚስታቸው ስትደርስ ሐኪሙ ቱቦ እያስገባላቸው ነበር። «ደማቸውን ተመርምረው ያውቃሉ?» አለ።

«አዎ፣ በሁዳዴ» አለች ፈጠን ብላ። «ደህና ነህ ብለውታል። ይኸ ልጅም አብሮት ነበር። ንገረው እንጂ ወንድሜ!»

ነገርሁት። መውረዱን፣ ከርጭት ይውጡ መባላቸውን፣ መደበቃችንን። ሐኪሙ እጁን ሳያቆም ሰማኝ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»



ጋሼ በሦስተኛው ቀን አረፉ። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ከሚሸከሙት ጋር ትከሻዬን ላስገባ ስል የሚስታቸው ወንድም መጣ። አልተቆጣም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቀና፣ «አንተ ተወው» ብሎኝ በቦታዬ ገባ።