ከሴቶቹ ግድግዳ በኩል የቆመው ሰው

በሳቮ አውራጃ ሐይቆች መካከል ኦይቫ ካርቱነንን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ከየደጃፉ ወተት የሚሰበስብ ሹፌር ነው። አርባ ሊትር የሞላ ጣሳ ብድግ አድርጎ መኪናው ላይ ያኖራል። ሴት ፊት ሲቆም ግን ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚገባ እንጃ፣ ምላሱ ይታሰራል። አባቱ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሴት ትጠየቃለች እንጂ አትጠይቅም፤ ወንድም ይጠይቃል እንጂ አይለምንም» እያለ ነበር ያሳደገው። ኦይቫ አለመለመኑን ቻለበት፤ መጠየቁን ግን ሳይችልበት ሠላሳ አራት ዓመት ሞላው።

በበጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የእንጨት አዳራሽ ዳንስ አለ። ወንዶች በአንዱ ግድግዳ፣ ሴቶች በሌላው ይቆማሉ። «የወንዶች ተራ» የሚለው መብራት ሲበራ ወንዶች ተሻግረው ይጠይቃሉ፤ «የሴቶች ተራ» ሲል ሴቶች ይሻገራሉ። በተራው የተጠየቀ እንቢ አይልም። ሁለት ዘፈን ይደነሳል፣ ወንዱ ሴቲቱን ቦታዋ መልሶ «አመሰግናለሁ» ይልና ይሄዳል። ኦይቫ በወንዶች ተራ የለስላሳ ወረፋ ይይዛል፤ በሴቶቹ ተራ ኮሌታውን አስተካክሎ ይቆማል። በዚያ በጋ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሲልቪ ራውቲያይነን እየመጣች ወስዳዋለች። ስምንቱንም ጊዜ ቃል አልተነፈሰም።

በዘጠነኛው ቅዳሜ፣ ሲልቪ ሰኞ ወደ ስዊድን ፋብሪካ ልትሄድ መሆኑን አገር ያውቅ ነበር። ኦይቫ ዛሬስ እነግራታለሁ ብሎ ሸሚዙን ሁለቴ ተኩሶ መጣ። የሴቶች ተራ ደረሰ፤ ሲልቪ የለችም። የቄሱ ምግብ አብሳይ ወሰደችው፣ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። መብራቱ ወደ ወንዶች ተመለሰ። ያኔ ሲልቪ ጸጉሯ እንደረጠበ እያለከለከች ገባች። ላም ምጥ ጠንቶባት ስታዋልድ ነው የቆየችው።

«ሂድና ውሰዳት እንጂ!» አለው የእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኛ ታውኖ። «ወይስ እናትህ መጥታ ትጠይቅልህ?»

እግሩ ተተከለ። ሌላ ወንድ ወደ እሷ መራመድ ሲጀምር፣ ሲልቪ በባዶው ወለል ላይ ብቻዋን ተሻገረች።

«ምነው፣ ልጅቷ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ኦይቫ፣ ቀሚሱን አንተ ልበሰው!» አለ ታውኖ።

«ትደንሳለህ?» አለች ሲልቪ።

«ተራው የወንዶች ነው እኮ።»

«አይቻለሁ። ላም እስክትወልድ እጠብቃለሁ፤ አንተ እስክትጠይቅ የምጠብቅበት ዕድሜ ግን የለኝም።»

አፏ ደፋር ነበር፤ አገጯ ግን ይንቀጠቀጣል። ሴትም ስትጠይቅ እንደምትፈራ ኦይቫ ያን ቀን ገባው። ተራዋ ስላልሆነ እንቢ ቢላት ወግ አልጣሰም፤ ሳቁ ግን በእሷ ላይ ብቻ ይቀራል። እጇን ያዘ።

«በየጧቱ ጣሳ ስታነሳ በመስኮት አይሃለሁ» አለችው እየደነሱ። «ሴት እንዲህ አትልም ይላሉ። እኔ አየሁ፣ ደስም አለኝ።»

ኦይቫ እስከ ጆሮው ቀላ። የሚያይ ወንድ፣ የምትታይ ሴት ብቻ ይመስለው ነበር።

ሁለቱ ዘፈን አለቀ። ሴቶቹ ግድግዳ ድረስ መለሳትና «አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ግን አልሄደም፤ በሴቶቹ መካከል ቆሞ ቀረ።

«አትሂጂ» አለ። የቄሱ ምግብ አብሳይ ጆሮዋን አቀናች። «እባክሽ ሲልቪ፣ እለምንሻለሁ።»

«ሻንጣዬ ታስሯል እኮ።»

«መጥቼ እፈታዋለሁ።»

«አባቴ ፊት?»

«አባትሽም ፊት ቢሆን።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሄዶ ፈታው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት አብረው ኖሩ። የወተት ፋብሪካው ሰዎች «ሚስቱ የመረጠችው» እያሉ ሲቀልዱበት አይቆጣም።

«እውነታችሁን ነው፣ ተመርጫለሁ» ይላቸዋል። «ተመስገን ነው። ከእናንተ ውስጥ ያን ያህል ሳቅ ችላ ሴት የተሻገረችለት ማን አለ?»