ከላይ የቀረው ሰው

በመርሳ ገበያ ስለ አንድ ግንበኛ ሲወራ ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። «አራት ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከድኖ ጥሎ የፈረጠጠው» ይሉታል። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጥሎን እንዳልሄደ አውቃለሁ፤ እስካሁን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጦርነቱ በፊት ሥራዬ በሀብሩ ወረዳ የባዮጋዝ ግንበኞችን ማሠልጠን ነበር። ገበሬው የከብቱን እበት መሬት ውስጥ በተቀበረ ክብ ግንብ ያጠራቅማል፣ በሚወጣው ጋዝ ያበስላል፤ እንጨቱም ጭሱም ይቀንሳል። በመንግሥት በጀት የሚሠራ ስለሆነ ደንቡ ብዙ ነው። ግንበኛው የአካባቢው ሰው ይሁን፣ ክፍያው እንደ ሙያው ይሁን፣ ሥልጠና ያልጨረሰ ሲሚንቶ አይንካ። እኔ ደግሞ ደንብ የምወድ ሰው ነኝ። ጓንት ያላደረገ ሠልጣኝ ካየሁ ወደ ቤቱ እመልስ ነበር፤ ጓንቶቹ ወልድያ መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈባቸው እያወቅሁም ጭምር። ሠልጣኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ደንብ መጣ» ይባባላሉ።

ከሁሉም ግን የማልደራደርበት አንድ ደንብ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲገባ ከላይ አንድ ሰው ይቀራል። የቀረው በየጥቂቱ ክዳኑን በድንጋይ ሦስቴ ይመታል፤ ከታች ያለው አንዴ መትቶ ይመልሳል። መልስ ከጠፋ የላይኛው ተከትሎ አይገባም፤ ጋዝ አንዱን ከጣለ ሁለተኛውንም ይጥላልና። ሮጦ ሰውና ገመድ ያመጣል።

ያ ግንበኛ በዚህ ፈተና ወደቀ። ከታች ያስገባሁትን ሠልጣኝ መልስ እንዳይሰጥ በምስጢር ነግሬው ነበር። ግንበኛው ሦስቴ መታ፣ ጠበቀ፣ ደገመ፤ ከዚያ ዘሎ ገባ። ሠልጣኙን አቅፎ ሲወጣ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ሬሳ የነበረውን ሁለት አደረግኸው ብዬ ተቆጣሁት።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከታች እያለ እግሬ እንዴት ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል?» አለኝ።

የምስክር ወረቀቱን ከለከልኩት። ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ሥራውን አጥብቆ እንደሚፈልገው አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፣ ሁለቱንም ዘሎ ገባ። በአራተኛው ጥርሱን ነክሶ ዞረና ወደ መንደሩ ሮጠ። ያን ቀን ፈረምኩለት፤ በራሴም ኮራሁ።

ወልድያ ስትያዝ በእግሬ ወጣሁ። ሲሪንቃን ማሳ ለማሳ አልፌ መርሳ ስገባ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አስፋልቱ ላይ አንድ መኪና የለም። ሱቆቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ አንዱ ደጃፍ ላይ ሚዛን ሽንኩርት እንደያዘ ቆሟል። ሻጭም ገዢም የለም። አንድ ቦታ ሬዲዮ በዝግታ ያወራል፤ ማን እንደሚሰማው ለማየት አንገቴን አስገባሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ። ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ከፍ ብላ ወዳለችው የግንበኛው መንደር ሄድኩ፤ በዚያ በኩል ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

ግንበኛው ሚስቱንና ሕፃኑን ተራራው ላይ ወዳሉት ወላጆቿ ሸኝቶ ነበር። ለጎረቤቱ ለሽማግሌው ሐጂ የሠራው ባዮጋዝ በቅርቡ አልቋል፤ እበት ገና አልገባበትም። ታጣቂዎች እየመጡ ነው ሲባል ሐጂውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና እኔን ወደዚያ አወረደን። አንተም ግባ አልኩት።

«ከላይ ሰው ሳይቀር አይገባም፤ ደንቡ የአንቱ ነው» አለና ፈገግ አለ። ክዳኑን ገጥሞ የማሽላ አገዳ ከመረበት። እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ የቀረው እኔ ባለመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ውስጡ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። በእበቱ ማስገቢያ ቱቦ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ትገባለች። ክብ ግንብ በድምፅ ይጫወታል፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሐጂ ሲተነፍሱ ትንፋሻቸው ከጀርባዬ ይመጣል። መቁጠሪያቸው ጠቅ ባለ ቁጥር ከራሳችን በላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ታናሽየዋ «ያ ረቢ» ብላ ስታንሾካሹክ ከወዲያኛው ግድግዳ ሌላ ሴት ደገመችላት። በእጄ እየዳሰስኩ ራሳችንን ቆጠርኩ፤ አራት ነን። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ቆጠርኩ።

ሦስት ምት ይመጣል፣ ሐጂው በድንጋይ አንዴ ይመልሳሉ። እንዲህ ስንባባል ቆየን። ከዚያ ብዙ እግር በላያችን አለፈ፤ ከጣሪያው አሸዋ አንገቴ ውስጥ ረገፈ። የማላውቃቸው ሰዎች ይነጋገራሉ፤ ግንቡ ቃሉን ይበላና ዜማውን ብቻ ያመጣል። አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

ሦስት ምት መጣ።

ሐጂው ድንጋዩን አነሱ። እጃቸውን ያዝኩ። ማን ነው የሚመታው? አስገድደውት አሳይቷቸው ቢሆንስ? ሦስቴ ተደገመ፤ ቀስ ያለ፣ የሚለምን ዓይነት ምት። የቱቦዋ ብርሃን ጠፋች፤ አንድ ሰው አጎንብሶባታል። ትንፋሹ በግንቡ ዙሪያ ዞረ፤ «ጋሼ» የሚል ሹክሹክታ ከሁሉም ግድግዳ፣ ከእግሬም ሥር መጣ።

እሱ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። ሐጂውም አወቁ፤ እጃቸውን ሊያስለቅቁኝ ታገሉ። አለቀቅኋቸውም። ምክንያት የለኝም፤ ፈራሁ፣ አለቀ። ብርሃኗ ተመለሰች፤ ሩጫው ወደ አስፋልቱ ቁልቁል ወረደ።

ክዳኑን ራሳችን ገፍተን ወጣን። ከሁለት ቀን በኋላ ከመንገዱ ዳር ሞቶ ተገኘ፤ ትከሻው ላይ ጥቅል ገመድ ነበር። ሊፈረጥጥ ያሰበ ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የዱሮው ሰውዬ ቢሆን ክዳኑን ከፍቶ ዘሎ ይገባና አምስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ያን ሰውዬ በአራት ፈተና ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም ይኸው ለእናቴ ተረፍኩላት።

ሴቶቹ ልጆች በጨለማው ውስጥ እጄን አላዩም፤ ግንቡ ድምፅ ስለሚያዞር ምቱ እኛ የላክነው ይሁን ከላይ የመጣልንም አልለዩም። ሐጂው ምንም ሳይናገሩ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። መንገዱ ሲከፈት ሚስቱን ላጽናና ሄድኩ። ልጁን አዝላ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ያስተማሩት አንቱ ነዎትና እውነቱን ይንገሩኝ አለችኝ፤ ጥሏቸው ሄደ የሚለው ወሬ ልጁ ሲያድግ እንዳይደርሰው ፈርታለች። የምቱን ደንብ ከባሏ ሰምታለች።

«ሳይሄድ በፊት መትቶ ነበር? ሰማችሁት?»

ሰምተን ዝም አልን ማለት አፌ ላይ መጣ።

«አልሰማንም» አልኳት።

«እንግዲያ ሳይመታ ነው የሄደ» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አላረምኳትም።