ፊቷን ደበቁላት፣ ልብሷን ረሱት

ያንን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰው ስለ ናሎንጎ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ደሜ የሚፈላው በሰው ብቻ አይደለም፤ በራሴም ነው።

ናሎንጎ እኛ ዘንድ መንታ የወለደች ሴት የምትጠራበት የክብር ስም ነው። የሷ መንትዮች ባቢርዬና ናካቶ አሁን ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል። አባታቸው ገና ሲድሁ ነው ጥሏቸው የጠፋው። «ሄደ፤ ይቅናው» ከማለት ሌላ ስለሱ ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ካምፓላ፣ ገበያችን ጥግ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ድስቷን ጥዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማቶኬ ሸጠች። አረንጓዴውን ሙዝ ትልጣለች፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በእንፋሎት ታበስላለች፣ የለውዝ ወጥ ታፈስበታለች። ምላሷ ደግሞ! ሥጋ ሻጩ ወጥ ጨምሪልኝ ሲላት «ሚስትህ ቤት ድንጋይ ነው እንዴ የምትቀቅልልህ?» ትለዋለች። ትጨምርለታለች ግን።

የፌስታሉን ነገር ልናገር። ዝናብ የጠፋ ዓመት ቅጠልም አብሮ ጠፋ፤ የተገኘውም እየደረቀ ይቀደዳል። ናሎንጎ ዘዴ አመጣች፤ ከውስጥ ፌስታል፣ ከላይ ቅጠል። ሙዙ ቶሎ ይበስላል፣ ከሰልም ይተርፋል። ግማሹ ገበያ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ እሷ ብቻ ነች ያልደበቀችው። ዝናቡ ሲመለስ ፌስታሉ እዚያው ቀረ። እኔም እያየሁ በላሁ፣ ጣቴንም ላስኩ። ምን ያስዋሸኛል?

አንድ ቀን ካሜራ የያዙ ሁለት ወጣቶች መጡ። ስለምንበላው ምግብ ዘጋቢ ፊልም እንሠራለን፣ ስታበስዪ እንቅረጽሽ አሏት። «ነገ ኑ» አለቻቸውና እየሮጠች እኔ ዘንድ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎሜሲዬ አልቋል?»

«ለፋሲካ አይደለም እንዴ ያልሽኝ?»

«ፋሲካ በካሜራ መጣልኝ! ነገር አታብዛ፣ ስፋ!»

ጎሜሲ ትከሻው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በሰፊ መቀነት የሚታሰር የሴቶቻችን የክብር ቀሚስ ነው። እሷ የመረጠችው ሐምራዊ ሆኖ የሳህን ያህል ቢጫ አበባ ያለበት ነው፤ መቀነቱ ቀይ። «ይህን ጨርቅ ለሌላ ሴት ከሰፋህ አልምርህም» ብላ አስምላኛለች። ማልኩ። መሐላዬንም ጠበቅሁ፤ ምነው ባልጠበቅሁ ኖሮ!

በማግስቱ እንደ ሙሽራ ለብሳ ድስቷ አጠገብ ተቀመጠች። ካሜራ የያዘችው ልጅ ፌስታሉ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት። «ቅጠሉ ለሽታው፣ ፌስታሉ ለእንፋሎቱ! ይህን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ስሜን ጻፉልኝ» አለች እየሳቀች። ልጅቱ ጓደኛዋን ዞር ብላ አየችው። አስተያየቷን ልብ ብያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ፊልሙ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰ። በገበያችን ቪዲዮ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም፤ አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ በቋንቋችን እየተረጎመ የራሱንም ይጨምርበታል። እሑድ ከሰዓት ገበያው ሁሉ እዚያ ታጨቀ። ናሎንጎ ጎሜሲዋን ለብሳ፣ ልጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሐኪም መጣ። የጋለ ፌስታል ምግብ ውስጥ የሚለቀው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ጉዳቱ ገና እየተጠና ነው፣ እስከዚያው ብንተወው ይሻላል አለ። ተርጓሚያችን «ምናልባት» የሚባል ነገር አያውቅም። «ወገኖቼ! ፌስታል የበላ ካንሰር በላ!» ብሎ ጮኸ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቀጥሎ ድስቱ ታየ። ደግ ልጆች ናቸው፣ የሴትዮዋን ፊት ጉም በመሰለ ነገር ሸፍነውላታል። ጎሜሲው ግን ከነአበባው ግድግዳውን ሞላው። «ቅጠሉ ለሽታው፣ ፌስታሉ ለእንፋሎቱ!» ሰው ሁሉ ከግድግዳው ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞረ።

«እንዴ! ጎሜሲዋ እዚህ ተቀምጣለች እኮ!» አለ ባለማይኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አለች ባቢርዬ።

ናሎንጎ አልተነሣችም። ዞር ብላ እኔን ፈለገችኝ። «እውነት ነው እንዴ? እነዚህንም እኮ ያሳደግኋቸው ከዚያው ድስት ነው» አለችኝ፣ ልጆቿን ይዛ።

ሰኞ ጠዋት ፌስታሏን ሁሉ አውጥታ ጣለች። ቅጠል በሸክም አስመጣች። እሽጉን በሰው ፊት እየፈታች «ኑ እዩ! ቅጠል ብቻ ነው! ኑ እንጂ!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ተዘጋ። ማን ይምጣ? እኛ አገር የቀረበልህን ምግብ አልበላም ማለት አቅራቢዋን መርዘኛ ነሽ ማለት ነው፤ ብትጠግብም ቆንጥረህ ትቀምሳለህ። ያንን ላለማለት ሲሉ በዚያ በኩል ማለፉንም ተዉት። ሥጋ ሻጩ ገበያውን ዞሮ በጓሮ መግባት ጀመረ።

በአሥረኛው ቀን ቀትር ላይ ሳህን ይዛ መጣችና የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። እንፋሎቱ ይወጣል።

«አንተ ታውቀኛለህ። ዛሬ ስጠቀልል እዚሁ ሆነህ አይተሃል» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ቅመስ። አንተን ካዩ ይመጣሉ። በልጆችህ!»

አይቻለሁ። ፌስታል የሚባል ነገር አልነካውም። ሰው ሁሉ ከየሱቁ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እጄን ዘረጋሁ፤ ያ ሐኪም፣ ያ ማይክ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበላሁት ሁሉ ትዝ አለኝና እጄን መለስኩ።

«ጠግቤያለሁ፣ ናሎንጎ» አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ብትሰድበኝ በወደድኩ! በዚያ ምላሷ ሙልጭ ብታደርገኝ! ሳህኑን አነሣች፣ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ፊት ለፊቴ ሁሉንም በላችው። እንባዋ ሳህኑ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ትበላለች። ጨርሳ ተነሣች።

«ይኸው። ነገ ካልሞትኩ ንገርልኝ» አለች።

አልሞተችም። ግን ለማን ልንገር? በማግስቱ ድስቱ አልተጣደም። ባቢርዬ ጎሜሲውን አጣጥፋ አመጣችልኝ፤ እማዬ ፍታውና ለሌላ ነገር አውለው ብላለች አለችኝ። አልፈታሁትም፣ ይኸው ከመኪናዬ ሥር አለ።

«እናትሽ ምን ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኛ ያበሰልነውን» አለች ባቢርዬ። «እሷ ድስት አትነካም። ስናበስል ራቅ ብላ ትቀመጥና እጇን ታያለች።»